መኪናን ሙሉ ቀለም ለማስቀባት ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ባትላሜራና ቀለም ስንሠራ ሃያ ዓመት ልንደፍን ነው። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ «መቼ ይደርሳል?» ይላል። ሁለቱንም የሚወስነው ቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ ነው። መርጨቱ ግማሽ ቀን አይሞላም። የቀሩት ቀናት በመፍታት፣ በማጠብ፣ በመፋቅ፣ በማስተካከልና በመሸፈን ያልቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

አዲሱ ቀለም ጭረቱንና ስርጉዱን አይሸፍነውም?

አይሸፍነውም፤ ያወጣዋል። ፀሐይ የበላው አሮጌ ቀለም ብርሃን ስለማይመልስ በላዩ ያለው ስርጉድ ለዓይን አይያዝም። አዲስ ክሊር፣ ማለትም በቀለሙ ላይ የመጨረሻው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ የተረጨበት በር ግን እንደ መስታወት ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመ የመብራት ምሰሶ በሩ ላይ ተጣሞ ከታየ የተጣመመው ላሜራው ነው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ በዚህ በኩል ምሕረት የላቸውም። ነጭ ብዙ ይሸፋፍናል።

አንድ ጋሼ ለረጅም ጊዜ የነዱትን ነጭ ኮሮላ «ጥቁር አድርጉልኝ፣ ላሜራው ምንም አልሆነም» ብለው አመጡ። በዓይን ስናየው እውነትም ምንም አልነበረበትም። ቀጭን የጥጥ ጓንት አድርገን መዳፋችንን ከፊት ፓራፋንጎው እስከ ኋላው ስናንሸራትት ግን የግራ የኋላ በር ላይ ሁለት ቦታ ገባ ወጣ አለ። የእርሳቸውንም እጅ ይዘን አስዳሰስናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው አልተከራከሩም። እርስዎም ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ መኪናውን ያጥቡ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት ያቁሙት፣ ዓይንዎን ትተው በመዳፍዎ ይመኑ።

መኪናውን ወደ ጋራዥ ከማምጣቴ በፊት ምን ላድርግ?

ባዶ ያድርጉት። ከመቀመጫ ሥር ያለውን ሳንቲም፣ የመሳቢያውን ወረቀት፣ የሕፃን ወንበሩን፣ ክሪኩን፣ ስኮርታ ጎማውን፣ ሁሉንም። ሌባ ስላለ ብቻ አይደለም። የላሜራ ጉድለት የምንሞላበት የስቱኮ ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እጥበት ቶሎ አያስለቅቀውም። ሊብሬውን ቤትዎ ይተዉት፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ቅጂው ነው። ነዳጅ ሞልተው አይምጡ፤ ብየዳ ካለ ሰልባቶዮው ሊወርድ ይችላል፣ የሞላ ሰልባቶዮ ማውረድ ደግሞ ክብደትም አደጋም ነው።

የፊት መስታወት የሚነቀል ከሆነ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የተለጠፉት እዚያ ላይ መሆኑን ያስቡ። መስታወቱ ቢሰበር አብረው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ያንሷቸው። መኪናውንም በአራቱም ጎን፣ ጣሪያውን ሳይረሱ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጨምረው ያንሱ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ነገር አያድርጉ። በእጥበት ቤት ከሥር ናፍጣ አያስረጩ። ዳሽቦርዱንና ጎማውን በሚያብረቀርቅ ነገር አያስወልውሉ።

ናፍጣና ማብረቂያ ከቀለም ጋር ምን አገናኛቸው?

ናፍጣው ከሥር ተረጭቶ ከሥር አይቀርም። በላሜራ መጋጠሚያዎች መካከል ይገባና መኪናው ሲሞቅ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ ዛሬ አጥርተን ብናድር ነገ ጠዋት ቅባት ይዞ ይጠብቀናል።

ማብረቂያው የባሰ ነው። አብዛኛው ሲሊኮን አለበት፣ ሲሊኮን ደግሞ ቀለምን ይገፋል። ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ሲያርፍ መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ የዓሣ ዓይን የምንለው እርሱን ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛችን መኪናዋን «ለክብር እንዲሆን» ብላ ጠዋት አስወልውላ አመጣችልን። ረዳታችን መሪውን ይዞ መኪናዋን አስገባት፣ በዚያው እጁ ኮፈኑን ደገፈው። ክሊሩ በተረጨ በደቂቃ ውስጥ የአራት ጣት ምልክት ኮፈኑ ላይ ወጣ፤ አራት ጣት ሙሉ የዓሣ ዓይን። ኮፈኑን እንዲደርቅ ትተን፣ ፍቀን፣ እንደ አዲስ ጀመርን። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውስጡን ሳንሸፍን ማንንም አናስገባም።

በዚህ ምክንያት ነው ቅባት ማጥፋት ከመፋቅ በፊት የሚመጣው። ቅባቱ ሳይጠፋ ከተፋቀ የብርጭቆ ወረቀቱ ሲሊኮኑን ወደ ጭረቶቹ እየጠቀጠቀ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። አሠራሩ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ነው፤ በአንዱ ማጽጃውን መቀባት፣ ሳይደርቅ በሌላው ማንሳት። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚሽከረከር ሰው ካዩ ቅባቱን ከቦታ ቦታ እያዛወረው ነው።

አዳማ ነፋሻማ ናት። ቀለም መቀባት አያስቸግርም?

ያስቸግራል። ከከተማዋ ዳር ያሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንደኛው 51፣ ሌላኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ማመንጫዎቹ እዚህ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ክንፍ የሚያሽከረክር ነፋስ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ አቧራ ይዞ በቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ሲገባ እርጥብ ክሊር ላይ የሚያደርገውን መገመት አያቅትም።

ዝግ የቀለም ክፍል ያለው ጋራዥ ካገኙ ችግሩ አብዛኛው ተቃሏል። ከሌለ ባለሙያው የሚረጨው በማለዳ መሆኑን ይጠይቁ። እኛ ዝግ ክፍሉን ከመሥራታችን በፊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን ነፋሱ ሳይነሳ እንጨርስ ነበር፤ ወለሉን በውሃ እናርሳለን፣ ግድግዳውንም እንዲሁ። መኪናው ራሱም አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ከጎማው ውስጥ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ከበር ማጠፊያዎች። ኮምፕሬሰሩ ሲነፋ ያ ሁሉ ይነሳል። ስለዚህ ሥሩ በውሃ ግፊት ሳይታጠብ፣ ክፍተቶቹ ሁሉ በአየር ሳይነፉ ወደ ቀለም ክፍል አይገባም።

ሙቀቱም አለ። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ ፈጣን ቲነር ከተጠቀሙ ቀለሙ ላሜራው ላይ ከመድረሱ በፊት አየር ላይ ይደርቃል። ሲያዩት የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። በሙቀት ቀን ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ነው የሚያስፈልገው፤ ዋጋው ይበልጣል፣ አንዳንዱ ሰው በዚህ ይቆጥባል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እርጥበቱ በኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ውሃው በመርጫው ይወጣል። ታንኩ በየቀኑ ይፈስ እንደሆነ ይጠይቁ። ጥያቄው ቀላል ነው፣ መልሱ ግን ስለ ጋራዡ ብዙ ይናገራል።

አሮጌው ቀለም ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት?

ብዙ ጊዜ የለበትም። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ካልተሰነጠቀና ካልተላጠ ከእርሱ የተሻለ መሠረት አያገኙም፤ ማለስለስ ብቻ ይበቃዋል። ችግር ያለው ሦስትና አራት ጊዜ የተቀባው ነው። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከሞላ ጎደል ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። በላዩ ላይ ተደራርቦ እጥፍ ድርብ ከሆነ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ይሰነጠቃል፣ አዲሱንም ይዞ ይሄዳል።

የሥሩን ቀለም ዓይነት ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በቲነር ነክረው በማይታይ ቦታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሹት። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከወጣ ሥር ያለው ማጠንከሪያ ያልገባበት ቀለም ነው፤ ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ቢረጭበት ሊያኮማትረው ይችላል። እንዲህ ያለው ይነሳል፣ ወይም ከቀለም በፊት በሚረጨው የመሠረት ሽፋን፣ በፕራይመር፣ በሚገባ ይታሸጋል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ይነሳ። ማሸግ ዕድል መሞከር ነው።

ስቱኮ በብዛት መጠቀም ጉዳት አለው?

ስቱኮ የተሠራው ትንንሽ ጉድለት ለመሙላት ነው፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ላሜራው በደንብ አልተመታም ማለት ነው። ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ ላሜራውን በመዶሻ ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ስቱኮው የመጨረሻዋን ገባ ወጣ ብቻ ያስተካክላል። የሰነፍ ሥራ ጉድጓዱን በስቱኮ ይሞላና በዓመቱ እንደ እንጀራ ምጣድ ስባሪ በቁሙ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት ቁራጭ ከአንድ ሚኒባስ ጎን ላይ አውጥተን ለረዳቶች ማስተማሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል።

ማግኔት ይዘው ቢመጡ አንቀየምም። በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉት፤ ወፍራም ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አይይዝም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። በውሃ የሚያለሰልሱት አሉ፣ ምክንያቱም አቧራ አይነሳም። ነገር ግን ውሃው በስቱኮው ውስጥ አልፎ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ቀለሙ ትንንሽ ፊኛ ያወጣል፤ ሲፈነዳ ውስጡ ዝገት ነው። ስቱኮ በደረቁ ይለሰልሳል፣ አቧራውን መቻል ነው። በውሃ ማለስለስ የሚመጣው ከፕራይመሩ በኋላ ነው።

ዝገትም እንደዚሁ ነው። በላዩ መቀባት አይቻልም፤ እስከ ነጭ ብረቱ ይፋቃል፣ የተበላው ይቆረጣል፣ በምትኩ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ በዘመናዊ መኪና ላይ ይህን የዘለለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ሁሉም ዕቃ ይፈታ ወይስ ይሸፈን?

ይፈታ። መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ የበር እጀታው፣ ፓራውልቱ፣ ታርጋው፣ ጽሑፎቹ፣ የበር ጎማው። የተሸፈነ ዕቃ ጠርዙ ላይ የቀለም ከንፈር ይሠራል፤ ውሃና የእጥበት ግፊት የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ከዓመት በኋላ ቀለሙ ከመብራቱ ዙሪያ መላጥ ሲጀምር ያልተፈታ መሆኑን ያውቃሉ።

የማይፈታው፣ ለምሳሌ የማይነቀል መስታወት፣ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ፕላስተሩ የቀለም ሥራ ፕላስተር ይሁን፤ ተራው ፀሐይ ላይ ሲውል ሙጫውን ትቶ ይሄዳል። ስለ ጋዜጣ ይጠይቁናል። አንድ ድርብ ጋዜጣ ቲነር ያሳልፋል፣ ቀለሙም ሊያትም ይችላል፤ መስታወቱ ላይ የስፖርት ገጽ ተገልብጦ ታትሞ አይተናል። ሌላ ከሌለ ቢያንስ ሁለት ድርብ ይሁን።

አንድ ነገር ግን በምንም መንገድ አይነካም፤ ሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር። አይፋቅም፣ ስቱኮ አይቀባም፣ በወፍራም ቀለምም አይሞላም። በዓመታዊ ምርመራ የሚታየው እርሱ ነው፤ ጠፍቶ ቢገኝ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

የቀለሙን ቁጥር ከየት አገኛለሁ?

በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ። በቶዮታ ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ግርጌ ተጽፎ ይገኛል፤ በመንገዱ ሁሉ የሚያዩት ነጭ ኮሮላ አብዛኛውን ጊዜ 040 ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። መኪናዎ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቆይቷልና፣ ሜታሊክ ከሆነ በተለይ፣ በትንሽ ላሜራ ላይ ናሙና አስረጭተው ውጭ በፀሐይ ያስተያዩት። በፍሎረሰንት መብራት ሥር የሚመሳሰሉ ቀለሞች ግቢ ሲወጡ ይለያያሉ።

ቀለሙን መቀየር ብፈልግስ?

ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ከቀየሩት ለተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስታውቀው ማስተካከል አለብዎት፤ መጀመሪያ ጠይቀው ቢጀምሩ ይሻላል። ለኢንሹራንሱም ይንገሩ። ባጃጅና ታክሲ ከሆነ ምርጫው የእርስዎ አይደለም።

ወጪውም ይጨምራል፤ የበሩ ውስጥ፣ የሞተሩ ክፍል፣ የኮፈኑ ሥር ሁሉ አብሮ መቀባት አለበት። ውጩ ሰማያዊ፣ በሩ ሲከፈት ነጭ የሆነ መኪና ገዢ ፊት ሲቀርብ ባለቤቱን ያስጠይቀዋል፤ «ተገልብጦ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል።

ወጪ ለመቀነስ ራሴ ባዘጋጀውስ?

መፍታቱንና ማጠቡን ይችላሉ፤ በደስታ እንቀበላለን። ብሎኖቹን በየዕቃው ለይተው በላስቲክ ከረጢት አድርገው በላዩ «የግራ የፊት በር» ብለው ይጻፉ። ይህች ብቻ የአንድ ቀን ሥራ ታሳጥራለች።

መፋቁን ግን ይተዉልን። ሰው ቤቱ ሲፍቅ የብርጭቆ ወረቀቱን በጣቶቹ ይይዛል፤ ጣት ደግሞ በጣቶች መካከል ያለውን አይነካም። ቀለሙ ሲደርቅ አራት ቦይ ይታያል። ላሜራ የሚለሰልሰው ወረቀቱ ቀጥ ባለ ጣውላ ወይም ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ነው፣ ያውም በሰያፍ። ቅደም ተከተልም አለው፤ ስቱኮ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ በ180 ይከተላል፣ በ320 ይጨረሳል። ፕራይመሩ በ600 ወይም በ800 በውሃ። ከ80 በቀጥታ ወደ 320 የዘለለ ሰው የ80ውን ጭረት አላጠፋም፤ ዛሬ ፕራይመሩ ይሞላዋል፣ ከወር በኋላ ፕራይመሩ ሲሰበሰብ ጭረቱ ተመልሶ ይወጣል።

ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ነው?

ቀለሙ አንድ ነው፣ ሥሩ ይለያል። ራቁት ፕላስቲክ ላይ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመ በመጀመሪያው የድንጋይ ጭረት እንደ ሽንኩርት ቆዳ ይላጣል።

ኦቨን ከሌለ ቀለሙ አይቆይም?

ይቆያል። ባለ ማጠንከሪያ ቀለም የሚደርቀው በሙቀት ብቻ ሳይሆን ከማጠንከሪያው ጋር በሚያደርገው ውህደት ነው። ኦቨኑ በ60 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲያቆየው ጊዜ ያሳጥራል፤ አቧራ ሳያርፍበት መጠንከሩ ነው ትልቁ ጥቅም። ኦቨን ገብቶ በመጥፎ ዝግጅት የተሠራና ያለ ኦቨን በጥሩ ዝግጅት የተሠራ ቢያቀርቡልኝ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ሲረጭ ቆሜ ማየት እችላለሁ?

አይችሉም፤ ልጆችም ይዘው አይምጡ። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ያስይዛል፣ የአፍና የአፍንጫ ጨርቅም አያቆመውም። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች «ለምጄዋለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ሳንባ ይህን አይለምድም።

መምጣት ያለብዎት ከመረጨቱ አንድ ቀን በፊት ነው። ፕራይመሩ ተለስልሶ መኪናው ግራጫ ሆኖ ሲቆም ያን ጊዜ ይዳስሱ፣ ያኔ የሚታረም ነገር በግማሽ ሰዓት ይታረማል። ቀለሙ ላይ ከታየ ሦስት ቀን ይወስዳል። ደንበኞቻችን ግን የሚመጡት ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነው።

ስንት ቀን ይፈጃል? ዋጋውስ እንዴት ይወሰናል?

ጤነኛ ላሜራ ያለው አነስተኛ የቤት መኪና እኛ ዘንድ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዝገት ካለ መኪናው ተፈትቶ ሳይታይ ቀን አንቆርጥም። «በሦስት ቀን እሰጥሃለሁ» የሚልዎትን የትኛውን ደረጃ እንደሚዘልል ይጠይቁት።

ዋጋው የዕቃና የእጅ ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ። ስንት ድርብ ፕራይመር፣ ስንት ድርብ ቀለም፣ ስንት ድርብ ክሊር፣ ምን የሚፈታ፣ ምን የሚሸፈን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ክፍያውም በደረጃ ይሁን፤ የመጀመሪያው ለዕቃ፣ ሁለተኛው ፕራይመሩን አይተው፣ የመጨረሻው መኪናውን በቀን ብርሃን ተመልክተው። ማታ በመብራት አይረከቡ።

ከተረከብኩ በኋላ መቼ ላሳጥበው?

የመጀመሪያውን ሳምንት አያሳጥቡት። አቧራ ከያዘ በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ወፍ ከጣለችበት ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ወዲያው በውሃ ያንሱት፤ ለጋ ክሊር ላይ በፀሐይ ከደረቀ ምልክቱ አይለቅም። ሰም ለመቀባት ቢያንስ ሁለት ወር ይጠብቁ፣ ቀለሙ ገና እየተነፈሰ ነው። ዛፍ ሥር አያቁሙት፤ ለጥላው ቢያጓጓም ሙጫ ይጥልበታል። ከፓራውልቱ ላይ የተፈታ አንድ ብሎን ከረጢት ውስጥ ተርፎ ከሰጠንዎት ደግሞ አይጣሉት፤ ይዘውት ይመለሱ፣ የእኛ ስህተት ነው።